ጠብቃ የቆየች

ጽቪካው ነው፣ እሁድ ረፋዱ ላይ፣ ከአሮጌው ፋብሪካ ጀርባ፤
ሣሩ ላይ ተኮልኩለዋል ትራባንቶቹ እንደ አበባ።
ዳኛ ነኝ፤ እርሳስ ከጆሮዬ፣ ወረቀት በእጄ ይዤ፣
ከቢጫዋ ወደ ሰማያዊዋ በጭስ መሃል ተጉዤ፣
አንዷ ዘንድ ስደርስ ቆምኩ።

መሬት ልትስም ዝቅ ብላ፣ ጎማዋ ከወገቧ ሰፍቶ፣
ጭስ የላት፣ ድምፅ የላት፤ ሆዷ በባትሪ ተሞልቶ።

«ይቺማ ሬሳ ናት!» አሉ ሽማግሌው ሎታር፤
«ሳትስል፣ ሳትንዘፈዘፍ፣ መኪና ነኝ ትላለች?
አሥራ ሁለት ዓመት ጠብቄያለሁ እኔ!
ስመዘገብ ሙሽራ ነበርኩ፤
ቁልፍ ስረከብ ልጄ የወተት ጥርሷን አውልቃለች።
ቀለም ማን አስመረጠኝ? ግራጫ ሰጡኝ፤ ግራጫ ወደድኩ።»

ኦርትሩን መፍቻዋን በሱሪዋ ጠረገች።
«እርስዎ የሰጡዎትን ወደዱ፤
እኔ የወደድኩትን ሠራሁ።»

«ቀለሙስ ደህና፤ ጎማውን ግን አበዛችው» አለ ዲትማር፣
በገዛ መኪናው ጣሪያ ላይ የፕላስቲክ ዘንባባ የተከለው።

ሎታር ተንበረከኩ። ሻንሲዋን በጣታቸው ዳሰሱ፤
አንዲት የዛገች ብሎን ላይ ሲደርሱ
እጃቸው ቆመ።
«ይህችንስ ለምን ተውሻት?»
«ሦስት መፍቻ ሰበረችብኝ። ጠብቃ የቆየች ናት፤ አትፈታም።»
«ጠብቃ የቆየች…» አሉ። ሳቁ፤ ወይም ሳሉ።

ወረቀቴ ላይ ሁለት ሳጥን አለ፤
አንዱ «እንደ ነበረ»፣ አንዱ «የተለወጠ»።
እርሳሴ ሲያመነታ ዝናቡ ቀደመኝ፤ ሁለቱንም አጠበ።

ሎታር ወደ ግራጫዋ ሮጠው ገቡ፤
ቁልፉን ቢያዞሩ፣ ቢያዞሩ፣ አልነሳም አለች።
ኦርትሩን ያለ ድምፅ መጥታ ከፊታቸው ቆመች፤
በመስኮት ገመድ ወረወረች።