የጥፍር ቀለም

ገመዱን ሦስቴ ሳብኩት፤ በአራተኛው ተነሳ፤
አጓራ፣ ሰማው ጎርጎራ፣ ሰማው ሰውም እንስሳ።
ማርሹን ወደ ፊት አስገብቼ ጋዙን ገፋሁ፤
ጀልባዋ ቆማለች።
ጨመርኩለት፣ ደገምኩለት፣ በላብ ታጥቤ ለፋሁ፤
ጀልባዋ ቆማለች።

ስድስት ጆንያ ነጭ ሽንኩርት፣ ሁለት ፍየል፣ አንድ ዲያቆን፣
ሁሉም እኔን ያያሉ።
«ይኼማ ምላስ ብቻ ነው፣ እግር የለው» አለ አንዱ ከኋላ፤
ፍየሏ ሳትቀር የሳቀች መሰለኝ፣ የጆንያውን ጠርዝ ስትበላ።

እምቦጭ ነው፣ ሌላ ምን ሊሆን! ሱሪዬን ሰብስቤ ወረድኩ፣
እስከ ደረቴ ጣና ውስጥ፣ በጣቴ ጫፍ ዳበስኩ፤
ከዘንጉ ላይ ፈታሁለት ያንን ጥቁር የሥር ጉንጉን፤
ሳብኩት፣ ተነሳ፣ ደገመልኝ ያንኑ ባዶ ጩኸቱን።

የማርሹን ሽቦ ጎተትኩ፤ አልተበጠሰ፣ አልላላ።
ካንዴላውን ፈታሁ፣ በሸሚዜ ጠረግሁ፣ መልሼ አሰርኩት።
ካንዴላ እዚህ ምን አገባው?
ሰው ሲጨንቀው ግን
መፍታት የሚያውቀውን ነው የሚፈታው።

ቀትር ላይ ጋሽ ቸኮል መጣ ከጩሂት፣ ወፍጮ ጠጋኙ።
ስም አውጪዎቹ ተሳስተዋል፤ ጫማውን አውልቆ
ድንጋይ ላይ ለማኖር ብቻ አንድ ብርጭቆ ሻይ ያስጠጣል።
«አስነሳው» አለኝ። ዓይኑን ጨፍኖ ሰማ።
«ሞተርህ ጤነኛ ነው። ድምፁ ግን ቀለለኝ።
እህል ሳይጨምሩበት የሚዞር ወፍጮ ሰምተህ ታውቃለህ?
እንደዚያ ነው፤ ይጮሃል እንጂ የሚፈጨው የለውም።»

ከውሃ አነሳነው። ክንፉን በእጁ አዞረ፤
እንደ ታዘዘ ልጅ ከዘንጉ እኩል ዞረ።
ጋሽ ቸኮል ዝም። ከዚያ ዞር ብሎ ሻይ ሻጯን «ትርንጎ» አላት፣
«ያን የጥፍርሽን ቀይ ቀለም አበድሪኝ።» ግራ ገባት፤
የግራ እጇን ጨርሳለች፣ የቀኙ ገና ነው፤
ሰጠችው።
ከመሃሉ ነሐስ ጀምሮ እስከ ክንፉ ድረስ
ብራና ላይ የቅዱስ ስም እንደሚጽፍ ሰው
አንዲት ቀጭን መስመር ሳበ። እፍ አለባት። ጠበቀ። እፍ አለባት።
«አሁን አውርደው። አስነሳ። ጋዝ ስጠው። በቃ፣ አጥፋው።»

አነሳነው።
መስመሯ ተሰንጥቃለች፤
ግማሿ ነሐሱ ላይ፣ እዚህ፤
ግማሿ ክንፉ ላይ፣ እዚያ፣ ሩብ ዙር ርቃ።

«አየህ፣ መሃላቸው ጎማ አለ። አርጅቶ ለቋል።
ዘንጉ ሲዞር ክንፉ ይሰማል እንጂ አይከተልም።
ሜዳ ላይ ይስማማሉ፤ ውሃ ሲከብድ ነው የሚለያዩት።
ድንጋይ መትተህ ነበር?»

ኅዳር ላይ። ከደሴቲቱ ማዶ። ጓ! ብሎ።
አጎንብሼ አይቼ «ምንም አልሆነም» ብዬ
ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ፎክሬ ነበር።
ሆኗል ለካ። ማርሹ እንዳይሰበር ያቺ ጎማ ናት የተመታች፤
አምስት ወር ሙሉ፣ እኔ ሳላውቅ፣
እየተንሸራተተች አሻገረችኝ።

«ጎንደር ብትወጣ፣ አራዳን ብትዞር፣ ቅዳሜ ገበያን ብታስስ
ዓይነቷን አታገኝም» አለ። በእጅ መሰርሰሪያ
ሦስት ቀዳዳ በሳ፣ ሦስት ብሎን ከነዳዶው አሰረ።
«ለጊዜው ያደርስሃል። ግን ልንገርህ፤
ከእንግዲህ ድንጋይ ብትመታ የሚሸነፍልህ የለም፤
የሚሰበረው ማርሹ ራሱ ነው።»

ሳብኩት። ድምፁ ወፈረ፤ እህል የገባበት ወፍጮ ሆነ።
ጀልባዋ ዳሩን ለቀቀች።
ዲያቆኑ አማተበ፤ ፍየሎቹ ተንገዳገዱ።
እኔ ዓይኔን ከውሃው ሳልነቅል፣
ጥቁር ነገር ባየሁ ቁጥር ጋዝ እየቀነስኩ፣ በቀስታ፤
ከወደቡ የትርንጎ ድምፅ ተከተለኝ፦
«ጋሽ ቸኮል! ጨረስከው እኮ! ቀኝ እጄንስ?»