አጥፋው

«አጥፋው» ነው ቅጽል ስሙ ያባቴ በመንዝ፣
ልጆች የሚጮኹበት መሐል ሜዳ ሲጓዝ።
ኩራዝ ተለኩሶ ገና ክሩ ሳይሞቅ
«አጥፋው!» ይል ነበረ፣ ነጭ ጋዙ እንዳያልቅ።
«ሀ» ብዬ ጀምሬ ገና «መ» ላይ ስደርስ
እፍ! ይላል አባቴ፤ ጭሱ ብቻ ሲነፍስ
«ሠ»ንና «ረ»ን ያወቅሁ ዳብሼ ነው በጣት፣
ደብተሬን ታቅፌ፣ ሳይነጋ በፊት።

ዛፍ የለም አገራችን። ውርጭ ነው ያለበት፤
የድንጋይ ግድግዳ፣ ጓሳ የከደነው ቤት።
የሚነድ ከተባለ እበት ነው፤ አድርቃ
እናቴ ትከምራለች፤ ክረምት እስኪያበቃ
ኩበቱን ነው ምንሞቀው።
ግን ያባቴ ማሳ
ዓመት በዓመት ገረጣ፣ እንደ በሽተኛ ከሳ፤
ምሳውን ነጥቀነው፣ አንድደን በምድጃ፣
«ምነው አጠረ ገብሱ?» ሲሉን፣ መልሳችን «እንጃ»።

አንድ ጥቅምት ደብሪቱ ከሰላ ድንጋይ መጣች፣
ሲሚንቶና ቱቦ በበቅሎ አስጭና፤ ሳቀች
አባቴን ስታየው፦ «አባባ፣ ኩበት ይቅር፤
እርጥቡ በጉድጓድ ተበጥብጦ ሲያድር
ጋዝ ነው የሚወጣው።»
እሱም አዳመጠና፦
«እርጥብ እበት ሊነድ? ልጄ፣ አለሽ ጤና?»

ቆፍራ፣ ገንብታ፣ እበት ሞልታበት ሄደች፤
«አርባ ቀን ጠብቁት፣ እንደ ወንድ ልጅ» ብላለች።
በአርባኛው ማለዳ እናቴ ክብሪት ጫረች፤
ሰማያዊ ነበልባል፣ ጭስ የሌለው፣ ዝም ያለ፣
እንደ ተልባ አበባ ድስቱ ሥር በቀለ።
ዓይኗን ጠረገችው፣ በልማድ፣ ጭስ መስሏት፤
ጭስ የለም። ያ እንባ የራሷ ነው የመጣት።

ዝቃጩን ወሰድነው፣ ማሳው ላይ ፈሰሰ፤
ገብሱ በሁለት ክረምት ወገቤ ደረሰ።
ላሚቱ አንዴ ጥላ እኛ ሁለቴ በላን፤
ነበልባሉን ለድስት፣ ፍጉን ለገብስ አልን።

ኋላ እንጨት ላይ ወጣ ሰሌዳ፣ የፀሐይ፣
እንደ ደብተራ አንጋጦ ሰማይ ሰማይ የሚያይ።
ጎረቤት አጥናፍሰገድ፦ «አጥፋው አለቀለት!
ፀሐይ ሒሳብ አትጠይቅ፤ ሌት ሙሉ ይብራለት!»
ያን ማታ ግን አባቴ፣ እራት ተበላና፣
የታናሼ ደብተር በወግ ተዘጋና፣
ወደ ግድግዳው ሄደ።
ቀጭ።
ጨለማ ሆነ።
«ምነው?» ቢሉት፦ «ፀሐይ የእግዜር ናት፤ ባትሪው ግን የኔ ነው።
ደመና ነው ነገ። የነገን ማን ይበላው?»

ነሐሴ ገባ። ጉሙ ሦስት ቀን አልተነሣ፤
የመንደሩ አምፖል ሁሉ አንድ ባንድ ተረሳ።
ሌሊት አጥናፍሰገድ በራችንን መታ፦
«በጌ አምጣለች፤ ግልገሉ በእግሩ ነው የሚመጣ፤
መብራት!»
ፋኖሱን ሲሰጠው አባቴ ምንም አላለ።
ጠዋት ሁለት ግልገል በእግሩ ቆሞ ዋለ።
ቅጽል ስሙ ግን ያው ነው። እንዲያውም ተስፋፋ፤
አጥናፍሰገድ ራሱ፣ ማታ ማታ፣ አምፖል ሲያጠፋ
«ዛሬስ አጥፋው ሆንኩ» ይላል፣ እየሳቀ ለሚስቱ።

ደብረ ብርሃን ነኝ ዛሬ። ሦስት ክፍል ነው ቤቴ፤
ባዶ ክፍል ሲበራ ይላወሳል አንጀቴ።
«አጥፋው!» ስል ለልጆቼ፣ አፌን እይዛለሁ፤
ከማን እንደ ሰማሁት እኔ አውቀዋለሁ።

ትናንት ማታ ደወለ።
«መብራት አለ?»
«አለ።»
«ምን እየሠራህ ነው?»
«ካንተ ጋር እያወራሁ።»
ዝም አለ። ከሩቅ ላም ስትተነፍስ ሰማሁ።
«በል አጥፋውና አውራኝ፤ ወሬ በጆሮ ነው።»
አጠፋሁት።
እሱም ቀጠለ፦ «ያ ገብስ፣ ዘንድሮ… ደረቴን አለፈው።»