በጀርባው የተኛ ፍሪጅ

ደብረ ብርሃን ከተማ ፍሪጅ እጠግናለሁ፤
ሳቁ፤ ለምጄዋለሁ፤ እስኪያልፍ እጠብቃለሁ።
«ውጪ ያደረ ውሃ መስተዋት ሆኖ ይነጋል፤
ውርጭ በነጻ እያለ ፍሪጅ ማን ይፈልጋል?»
ይለኛል ሸዋፈራሁ፣ ጎማ የሚለጥፈው፣
ኅዳር በገባ ቁጥር፣ አንድ ዓመት ሳያልፈው።

አንድ ሐሙስ በማለዳ
የምሥራች መጣች፣ የባንክ ቤቷ ገንዘብ ከፋይ፣
የከረሜላ ብልቃጥ ታቅፋ ደረቷ ላይ።
ለዓለም ከተማ ቅርንጫፍ ዝውውር ደርሷታል፤
አውቶቡሱ ጡሩንባውን እየነፋ ይጠራታል።
«መንገዱ ኮረኮንች ነው፤ ይደፋል ውሃዋ፤
አንተ ጋ ትቆይልኝ፤ ቀላል ነው ጣጣዋ፤
እንዲሁ ናት፣ አታድግም፤
ከቁራሽ ዳቦ በቀር ምንም አትፈልግም።»

ወርቃማ ዓሣ ናት፤ ከአውራ ጣት አትበልጥም፤
ክንፏ የሽንኩርት ልጣጭ ነው፤ ብርሃን አያስቀርም።
ሁለቴ ጭራዋን ከመታች
ግንባሯ ብርጭቆ ነካ፤ ተመለሰች፤ ዞረች።

እኔ በሙያዬ ሊትር ነው የማውቀው፤
ፍሪጅ ሲመጣልኝ መጀመሪያ እሱን ነው የምጠይቀው።
ብልቃጡን ለካሁት፤ ሦስት ሊትር አልሞላም።
ለካሁ እንጂ አላሰብኩም፤
ሰው የለካውን ሁሉ አያስብም።

ግንቦት ላይ ውሃው ደፈረሰ።
አፏን ወደ ላይ አውጥታ ትከፍታለች፣ ትገጥማለች፤
ራባት ብዬ ዳቦ ጨመርኩ፤ ደግሞ ትከፍታለች።
የከብት ክትባት ማቀዝቀዣ ሊያሠራ የመጣ ልጅ፣
ንጋቱ የሚሉት፣ ስለ ዓሣ ዝዋይ የተማረ፣
ብልቃጡ ላይ ጎንበስ ብሎ ቆይቶ ተናገረ፦
«ዳቦ አይደለም የምትለምንህ፤ አየር ነው።
ይሄ የምትጠጣው የገዛ ሽንቷን ነው።
አታድግም ያለህ ማነው?
ቦታ ካገኘች ስንዝር ታልፋለች፤
ዐሥር ዓመት፣ ዐሥራ አምስት፣ ሃያም ትኖራለች።
እዚህ ግን…» አለና ብልቃጡን በጥፍሩ ቆረቆረ፣
«ትንሽ ሆና አይደለም፤ ቀጭጫ ነው።»
ዝም አለ፤ ሂሳቡን ቆጠረ።

ያን ማታ አልተኛሁም ብል ውሸት ነው፤ ተኝቻለሁ።
ግን ሌሊት ሁለቴ ነቅቼ
የኪራይ ቤቴን ግድግዳ በእጄ ዳስሻለሁ።

በጓሮ አንድ ፍሪጅ ነበረኝ፣ ሞተሩ የተቃጠለ፣
«ነገ እወስደዋለሁ» ተብሎ ሦስት ዓመት የዋለ።
በሩን ነቀልኩና በጀርባው አስተኛሁት፤
ቀዳዳውን በሲልከን ደፈንኩት፤ በጄሪካን ሞላሁት፤
የቧንቧው መድኃኒት እንዲተን አንድ ቀን አሳደርኩት።
መቶ ሰማንያ ሊትር።
ሸዋፈራሁ አጥር ላይ ተንጠልጥሎ፣
«ተመስገን! በዚህ ከተማ ፍሪጅ ሥራ አገኘ» አለ፣ ከት ብሎ።

ለቀቅኳት።
ጥግ ይዛ ዞረች፤
ያንኑ ክብ፣ የብልቃጡን ክብ፣ በጣት ሳትሳሳት፣
ብርጭቆ በሌለበት ብርጭቆ እየፈራች፣
ስድስት ቀን እዚያው ዞረች።
በሰባተኛው ደንበኛ ጠራኝ፤ ጋዝ ልሞላ ሄድኩ፤
ስመለስ ከወዲያኛው ጫፍ ነበረች።
ስትሄድ አላየኋትም። ይኸው እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ታኅሣሥ ጠርዙ በረዶ ሲይዝ ወደ ታች ትወርዳለች፤
አትበላም፤ አትሞትም፤ ትጠብቃለች።
በየሳምንቱ ሩብ ውሃ እቀይራለሁ፤ ዳቦ ትቻለሁ፤
አተር ቀቅዬ፣ ልጬ፣ በጣት ጫፍ እሰጣለሁ።
አውራ ጣት ነበረች። መዳፍ ሆነች።
ከዚያ ስንዝር ሞላች።

በዘጠነኛው ዓመት የምሥራች መጣች፣
መነጽር አድርጋ፣ ወንድ ልጅ በእጇ ይዛ፤
«ያቺ ዓሣዬ… መቼስ ሞታለች» አለች፣ ቀዝዛ።
ወደ ጓሮ መራኋት።
ልጁ ጠርዙን ይዞ ጮኸ፤
ከበድ ያለ ቀይ ነገር ከሥር አልፎ ዞረ፣
ውሃውን እንደ ጨርቅ እየተረተረ።
እሷ ሁለት ጣቷን አቀራርባ፣
«ይቺን ነበር የምታህለው፤ ይሄ ሌላ ነው» አለችኝ።
አልተከራከርኳትም፤
«መቶ ሰማንያ ሊትር» ብቻ አልኳት።
ዐይኗ ቤቱን ዞረ፤ ብልቃጡን ፈለገች።
መደርደሪያው ላይ አለ፤
ብሎን አስቀምጬበታለሁ።