ሳይሞቅ ና

ስገዛት ሞቃ ነበር፤ ያ ነው የኔ ጥፋት።
ሻጩ አጥቦ፣ ወልውሎ፣ ቀድሞ አስነሥቷት፣
ቁልፏ አንዴ ሲዞር ተነሣች እንደ ልጅ።
ሊብሬዋ የአምስት ሰው ስም ይዞ ቢያውጅ፣
ማን አንብቦት! ቀለሟን ነው ያየሁት እንጅ።

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ክኒን ስቆጥር፣
የብልቃጡን ሁሉ ማብቂያ ቀን ስመረምር፣
ዓይኔ ለአንድ ቀን ተሳስቶ አያውቅም ነበር።
መኪና ላይ ግን ቀን ማን ይጽፍበታል?
ቢጽፍም፣ ቀለም ቀቢው ከላይ ያልፍበታል።
የጡረታዬ ብር፣ የዕቁቤም ዕጣ፣
አራት ጎማ አውጥቶ ግቢዬ መጣ።

ሳምንት አልሞላትም። የአዘዞ ዳገት ላይ
እንፋሎቷ ወጣ ወደ ጎንደር ሰማይ።
ረዳቷ ዳኘው ጀሪካን አንሥቶ
ውኃ ሲለምን ከሰው ግቢ ገብቶ፣
ተሳፋሪው ሁሉ ሒሳቡን ተቀብሎ
በባጃጅ ሄደ፣ “እግዜር ይማራት” ብሎ።

አጃናው ኮፈኗን ብድግ አደረገና
ቆየ። አሁንም ቆየ። ከንፈሩን መጠጠና፣
“እትዬ፣” አለኝ፣ “ይሄ ኮፈን አይባልም፤
ከፈን ነው። ከሥሩ ጤነኛ አካል የለም።”

ያን ዕለት ነው የገባኝ። የፒያሳ ግድግዳ
ከሄደው ጣልያን የቀረን ዕዳ
ይመስለኝ ነበረ። ተሳስቻለሁ ለካ፤
ዕዳው ጋራዥ ነው ያለ፣ ቅባት እንደነካ።
ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ማርሚታ፣ ባሌስትራ፤
አጃናው በየስማቸው አንድ በአንድ ሲጠራ፣
“አቤት!” የምትለው ቦርሳዬ ናት፣ በተራ።

ደብተር አለኝ።
የመድኃኒት ቤቱ አሮጌ መዝገብ፤ ጀርባው ባዶ።

መስከረም፦ ሁለት ጎማ። ያገለገሉ፤ አንዱ የተደፈነ።
ጥቅምት፦ ፍሪሲዮን።
ኅዳር፦ ፍሪሲዮን። የጥቅምቱ የሌላ መኪና ነበር።
ታኅሣሥ፦ ቦሎ። ለምርመራው ዕለት የተዋስናቸው አራት ጎማዎች፤ የባለቤታቸው ምሳ።
ጥር፦ ለጥምቀት እንግዳ በዝቶ አተረፈች። እሰይ!
ጥር፣ ማለቂያው ላይ፦ ያተረፈችው ለባሌስትራ።
የካቲት፦ የናፍጣ ሰልፍ። ሁለት ቀን፣ አንድ ሌሊት፤ የዳኘው ብርድ ልብስ ተሰረቀ።

በሯ ከሐዲዱ ወልቆ፣ በገመድ ታስሮ፣
ዳኘው “ቀስ!” ሲል ይውላል፣ ድምፁ ተሰባብሮ።
ቢሆንም፣ ልሸጣት ስነሣ ይጨንቀኛል፤
ማራኪ ላይ “እሷው መጣች” ሲሉ ደስ ይለኛል።
ሌሊት ግን ግቢው ውስጥ ጠብ ጠብ ትላለች፤
ከኔ ኩላሊት ጋር ትወዳደራለች።

በቃኝ አልሁ።

ይርሳው የሚባል ልጅ፣ ከቆላ ድባ፣
ታናሽ ወንድሙን ይዞ ሊያያት ገባ።
የሽንብራው ብር በጥቁር ፌስታል፣
ወንድሙ ከወዲሁ “ታምራለች” ይላል።
እኔ ከንጋቱ አሥራ አንድ ላይ ተነሥቼ፣
ሰማያዊ ጢሷን ጎረቤት ላይ ነዝቼ፣
የዘይቷን ጠብታ በአመድ ሸፍኜ፣
ጠበቅኋቸው፤ ልክ እንደዚያ ሻጭ ሆኜ።

ይርሳው ቁልፍ ሲያዞር ተነሣች እንደ ልጅ።
ወንድሙ አጨበጨበ፦ “እንዲህ ነው እንጅ!”
ፌስታሉ ተፈታ። ብሩ የጎተራ አቧራ ይሸታል፤
አሥሩ፣ ሃምሳው፣ መቶው በክር ታስሯል።
እጄ ለመቀበል ተዘርግቶ ሳለ
አፌ ከእጄ ሳይመክር ቀድሞ እንዲህ አለ፦
“ኮፈኗን ዳስሰው። ሞቃለች አይደለ?
እኔ ነኝ ያሞቅኋት። ብርህን እሰረው።
ነገ ና፣ ማለዳ። ሳይሞቅ ና። ያኔ እየው።”

አጃናው ሰምቶ “አብደሻል፣ እትዬ” አለኝ።
ይርሳው ይምጣ፣ ይቅር፣ እንጃ፤ አልነገረኝ።
ማታ ኩራዙን አስጠግቼ ጻፍሁ፦ መጋቢት።
ገቢ፦ የለም።
ወጪ፦ ሁለት ሊትር ናፍጣ፤ ለጠዋቱ ውሸት።