ባዘቶ

አይጥ ነው ያስቸገረኝ፣ እኔ መች ጌጥ ሻትሁ፤
"አንዲት ድመት ፈልግ" ብዬ ሙሄን ላክሁ።
ሱፍ ፈታይ ነኝ እኔ፣ ከሸዋ በር በላይ፣
ያመት ልፋቴ ነው የሚያልቀው ጓዳ ላይ።

ሙሄ ኮምቦልቻ ነው መኪና የሚነዳ፣
ሐዲድ ለሚያነጥፍ፣ ለባሕር ማዶ እንግዳ።
የሐረጎን ጥምዝምዝ በጉም ውስጥ አቋርጦ፣
ማክሰኞ ሲመሻሽ መጣ ክንዱ ተቧጥጦ።
ያቀፈው የፓስታ ካርቶን ነው፣ በሲባጎ ታስሮ፤
ከውስጡ ይሰማል ቀጭን የጫጩት ሮሮ።
"ድመት አልሁህ እንጂ ጫጩት መች አልሁህ?" ስል፣
ሲባጎው ተፈታ፤ ብቅ አለች... ምን ልበል?

አንገቷ ላይ ጎፈር፣ ጅራቷ ቀበሮ፣
ጫፉ ላይ ጭራ መሳይ ፀጉር ያለው ጆሮ፤
መዳፏ እንደ ቂጣ።
የሰፈር ልጆች "የጅብ ልጅ!" አሉ በሩ ላይ ታጭቀው፤
ጦይባ "ቢስሚላህ" አለች፣ እማማ ብርቄ አማተቡ፣ ሁለቱም አፋቸውን ይዘው።

ሰውዬው ወደ አገሩ ገባ፣ አለኝ ሙሄ። ሥራው አልቋል።
ለእሷ ግን ወረቀት አልተገኘም፤ ስንት ቢሮ አንኳኩቷል።
ሲለያት አለቀሰ። ሙሄ በዓይኑ አይቷል፣
"ትልቅ ሰው ሲያለቅስ መሪው ጠፋኝ" ብሏል።

ዘጠኝ ቀን ከሱፉ ጆንያ ጀርባ አልወጣችም።
ወተት ሰጠኋት፣ ፊቷን አዞረች። ቋንጣ ዘነጠልሁላት፣ አልነካችም።
ሌሊት ግን፣ መብራት ሲጠፋ፣ እሰማታለሁ፤
የባልዲውን ውሃ በመዳፏ እየመታች ስትጫወት።
ድመት ውሃ ይጠላል ብለው ያሳደጉኝ ሁሉ
ይችኛዋን አላወቋትም።

ሙሄ እየደወለ፣ ሰውዬው ያለውን በቁርጥራጭ ይነግረኛል፦
ጭን ላይ አትወጣም፣ አጠገብ ነው የምትቀመጥ።
በየቀኑ ካልተበጠረች ፀጉሯ ይቋጠራል፣ ቆዳዋን ይጎትታል።
እስከ አራት ዓመቷ ገና ታድጋለች።
ይህን ስሰማ ተነሥቼ በሩን በክንዴ ለካሁት።

ሰውዬው ያወጣላት ስም ምላሴ ላይ አልዞር አለ።
"ባዘቶ" አልኋት።
ጆሮዋ ዞረ።

በአሥረኛው ቀን ሚዶዬን ይዤ መሬት ተቀመጥሁ።
አርባ ዓመት ከፀጉር ጋር ነው የኖርሁት፤ ቋጠሮ ምን እንደሆነ ለእኔ አይነገረኝም።
ብብቷ ሥር የተቋጠረው እንደ ጠጠር ደርቋል።
መቀስ አላነሣሁም። በጣቴ፣
አንዲት ፀጉር፣ ደግሞ ሌላዋን።
አንዴ ነከሰችኝ። "ልክ ነሽ" አልኋት፤ እኔም ብሆን።
ይማም ካረፈ ወዲህ እጄ የሚነካው ሱፍ ብቻ ነበር፤
ሱፍ ደግሞ የተሸለተ ነው፣
ቢዳብሱት አይተነፍስም።

ቋጠሮው ሲለቃት ጣለችልኝ ጎኗን፣
ያን የጫጩት ድምፅ አሰማች፣ ጨፍና ዓይኗን።
ይማምም እንዲሁ ነበር፤ ገበያው የሚፈራው፣
ደጄን ሲረግጥ ግን ድምፁ የሚቀጥነው።

አይጡስ? አንድ ቀን በፊቷ አለፈ፤
በዓይኗ ሸኘችው።
ከዚያ ወዲህ ግን ጓዳው ጸጥ ብሏል፣
ለአይጡም እንደ ልጆቹ ጅብ መስላው ይሆናል።

ከሚዶው የለቀምሁት ጣሳ ሞላ። ከበግ ፀጉር ጋር ፈተልሁት፤
እንዝርቴ እንዲህ ለስልሶ ሲዞር አላስታውስም።

ሐምሌ ላይ ሙሄ ስልኩን ይዞ መጣ፤ ውስጡ ያ ሰው፣
ዓይኑ ቀልቷል፤ የሚለውን አልሰማሁ፣ ቋንቋው ሩቅ ነው።
አንዲት ቃል ግን ለየሁ፤ ሙሄ ነግሮት ኖሯል፦
"ባ... ዘ... ቶ" አለ። ተሰባበረበት። ደገመው።
እሷ ስልኩን ዞራ ከኋላው ፈለገችው፤
ከኋላው የእኔ እጅ ነበር።
አሸተተችው፣ እዚያው ተጋደመች።

ወረቀት ያጣችው እሷ ናት፤ ፀጉሯ ወረቀት አይጠየቅም።
የአንገት ልብስ ጠቅልዬ ለሙሄ ሰጠሁት፣ በሰው እንዲልክለት፤
በጥቁሩ የበግ ክር መሐል አንዲት ግራጫ አለች።
እጁ ያውቃታል።
ባያውቃትም ታሞቀዋለች።