በማን ቁና

ነሐሴ ነው፤ ሱር ወደብ፤ አየሩ እንደ ፎጣ ርሶ፣
መስኮቱ በውጭ ያልበዋል፤ ውስጥ ይዋላል ሹራብ ተለብሶ።
በጽዳት ነው የገባሁት፤ ዛሬ ብልቃጥ እቀበላለሁ፤
ደረቴ ላይ «ዘይነብ» ይላል፤ ደላላ ባወጣልኝ እጠራለሁ።

ወይዘሮ ሙዛ መጣች፣ ወረቀቷን አጣጥፋ፣
ዓይኗ ቁጥሩ ላይ ተተክሎ፣ ሰላምታውን ሁሉ ገድፋ፦
«ሰማንያ አራት ልዩነት! ይኼ ሁሉ ግድፈት
ከማን ወረደብኝ? ከእናቴ? ከእናቷ? ከየት?»

ዶክተሩ ሙስካት ነው። እኔ በስብርባሪ ዐረብኛዬ፣
ሲያስረዳ የሰማሁትን፣ በራሴ አፍ፣ እንደ ችሎታዬ፦

«እመቤቴ፣ ግድፈት አይደለም፤ የሌላ ሰው ቁና ነው።
ካምብሪጅ በሚሏት ከተማ፣ ከአንድ እንግዴ ልጅ የቀዱት ነው፤
ዐሥራ ስድስት ሺህ ምናምን ፊደል፣ አንድ ባንድ ተለቅሞ፣
መለኪያ የሆነው ስለተነበበ ነው ቀድሞ፤
ቀድሞ ስለተወለደ አይደለም።
ቁና ይሰፍራል እንጂ እህል አይወልድም።

እዚህች ላይ ጣትዎን ያሳርፉ፦ ሁለት መቶ ስልሳ ሦስት።
እኔም እዚህ እለያለሁ። ሾፌሩ ቢጁ፣ ያ የኬረላው፣
ሮዌና፣ ደም ቀጂዋ፣ የፊሊፒኗ፣
ዶክተሩም ራሱ፤
ከሞላ ጎደል ያዳም ዘር ሁሉ እዚህች ላይ ‹ተሳስቷል›።
ታዲያ ማን ነው የጎደለው? እህሉ ነው ቁናው?»

ሳቀች፤ ትንሽ። ከዚያ ዝም።

«የእናቴ ቅም አያት» አለች፣ «በሳምቡክ ነው የመጣች፤
ከወዲያ ማዶ፤ እዚህ ‹ያቁት› ተባለች።
የፊቱን ስሟን ማንም አልጠየቀ፤ እሷም አልተናገረች።»

ጠረጴዛውን ወለወልኩ፤ ንጹሕ ነበር።
አንድ ነገር ቀርቶኛል፣ ልንገራት አልንገራት ስል፦
«ቁናውም ታርሟል፣ እመቤቴ። ደግመው ሲመረምሩት
አንዲት ፊደል ትርፍ ሆነች፣ ሦስት ሺህ አንድ መቶ ሰባተኛዋ።
ቢፍቋት የተከታዮቿ ቁጥር ሁሉ ይናጋል፤
ፊደሏን አንስተው ቦታዋን ተዉላት።
ባዶ ናት፤ ግን ትቆጠራለች።»

ጣቷ ወረቀቱ ላይ ያችን ቁጥር ይፈልጋል፤
የለችም፤ እዚያ የሚጻፈው ልዩነት ብቻ ነው።
ውጭ አዛን ጀመረ፤ መስኮቱ ማላቡን አልተወም።
ወረቀቷን አጣጥፋ ከቦርሳዋ ከተተች፤
በር ላይ ደርሳ ተመለሰች።
«ስምሽ ማን ነው?» አለችኝ፣
ደረቴ ላይ ያለውን እያነበበች።