ድምፅ ከጠፋብህ

ኩታናድ መሬቱ ከባሕር ዝቅ ያለ፣
ሩዝ ዘሪ አንገቱን ሽቅብ ቀና ካለ
ጀልባ ነው የሚያየው፣ ከግድቡ ማዶ
በራሱ አናት በላይ ሲያልፍ ተንጋዶ።

እዚያ ነው የሰቀልን ትንሿን ሳጥን፣
አራት ተማሪዎች፣ ለመመረቂያችን።
ጂንሲ ፕሮግራም ጻፈች። ፕራጂን ሽቦ ቀጠለ።
ሻኒባ ብር ለመነች፣ አጎቷ «እሺ» እስካለ።
እኔ የእጅ ባትሪ ያዝኩ፤
ያዝ ያሉኝን ያዝኩ።

መሰላል ይሉታል የሚጻፍበትን፤
ሁለት ቋሚ መስመር፣ በመሃል እርከን።
ማንም አይወጣበት፣ ማንም አይወርድበት፤
ኤሌክትሪክ ብቻ ያልፋል፣ «እውነት ነው» ካሉት።
ውኃው ምልክቱን አልፏል? እውነት።
የግድቡ በር ተዘግቷል? እውነት።
እንግዲያው ፓምፑ ይነሣ።
እንግዲያው ለጎረቤት ሳጥን መልእክት ይሂድ፦
«እኔ ነቅቻለሁ፤ አንተስ?»
«ነቅቻለሁ።»
በየሰከንዱ፣ ቀንም ሌትም፣ እንደ ዘበኛ ፉጨት።

የፓምፑ ኃላፊ፣ ሽማግሌው ቫሱ፣
ሠላሳ አንድ ዓመት ውኃ ሲለኩ የኖሩ
በኮኮናት ግንድ ላይ በጫሩት ጭረት፣
ሳጥኑን ዞሩት። አሸተቱት።
«ይበላል?» አሉ።
«ሃያ አራት ቮልት ብቻ» አለች ጂንሲ።
«ደሞዝስ?»
ማንም አልመለሰ።

የፈተናው ዕለት መምህር ኩሩቪላ
አንዲት ገመድ ነቀሉ፣ ሳይናገሩ ሌላ፦
«ኔትወርኩ ቢጠፋስ?»
ሰማያዊው መብራት ብልጭ አለ፤ ጠፋ።
ፓምፑ የመጨረሻ ትእዛዙን ጨብጦ
እንደ ግትር በሬ ቀረ ተገትሮ።
ጂንሲ ጫማዋን አየች።
«ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሱ።»

በጀልባ ሄድን፣ በማታ፣ ወደ ሽማግሌው ጎጆ።
«ቫሱ ቼታን፣ ስልክ ባልነበረ ጊዜ
ከማዶው ፓምፕ ወሬ ሲጠፋ ምን ያደርጉ ነበር?»
ያኘኩትን ቅጠል ተፉ።
«እጠብቃለኋ። አንድ ሲጃራ እስኪያልቅ።
ከዚያ ማዶን እረሳለሁ፤
እግሬን ውኃው ውስጥ እከታለሁ፤
ከጉልበቴ ካለፈ አስነሣለሁ፤
ከቁርጭምጭሚቴ ከወረደ አጠፋለሁ።
ሌላ ምን አለ?»

ጂንሲ መዳፏ ላይ ጻፈች፤ ወረቀቱ ርሶ ነበር፦
ድምፅ ከጠፋብህ፣ አሥር ቁጠር፤
ከዚያ የራስህን እግር እመን።
አሥር ሰከንድ፦ የአንድ ሲጃራ ዕድሜ
በሳጥን አቆጣጠር።

በሐምሌ አጋማሽ ዝናቡ ሲያብድ
የኔትወርኩ ማማ ወደቀ፤ ተቆረጠ መንገድ።
ስምንቱ ሳጥኖች፣ በስምንቱ ግድብ፣
«ነቅተሃል?» ቢባባሉ፣ መልሱ ዝናብ።
እኛ በከተማ፣ በደረቅ አልጋ፣
ስክሪኑ ላይ ስምንት ቀይ ነጥብ እስኪነጋ።
ፕራጂን ይጸልያል።
ጂንሲ ግን ጣቶቿን ታጥፋለች፦
ሰባት... ስምንት... ዘጠኝ...

ጎሕ ሲቀድ ደረስን። በሰባቱ እርሻ
ቡቃያው ከውኃው በላይ፣ ፓምፑ ሥራ ላይ።
በስምንተኛው፣ ቫሱ ቼታን
እስከ ወገባቸው ውኃ ውስጥ ቆመው
ፓምፑን በእጃቸው አስነሥተዋል።
እምቦጭ ተጠምጥሞ ተንሳፋፊዋን
ከታች ቀፍድዷታል።
«ሰነፍ ብዬ አላማሁትም ልጃችሁን» አሉ፣
«እግሩን ነው ያመነው። እግሩ ታስሮ ነው።»

ከመቶ ሰባ አራት ሰጡን።
ኩሩቪላ በቀይ ብዕር፣ ከኅዳጉ ላይ፦
«ለእምቦጩስ?»

ጂንሲ አሁን ፑኔ ናት፣ ጎማ ፋብሪካ፤
አራት መቶ ሳጥን በቃሏ ይነሣል፣ በቃሏ ይተኛል።
መጀመሪያ በየማታው ትደውል ነበር፣
ኋላ በየወሩ፣
አሁን ዝም።
እኔ እዚሁ ቀረሁ። ቼታን እምቦጭ ሲነቅሉ
ባትሪ እይዛለሁ።
አሥሩን ቆጥሬ ከጨረስኩ ቆየሁ፤
የራሴን እግር ግን እንዴት ልመነው?
ቅዳሜ በመጣ ቁጥር
ወደ ባቡር ጣቢያው ይሄዳል።